ከጎንቾ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የወህኒው በር የሚከፈተው በማን ቃል ነው?

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ሲታይ፣ ከተራሮቹ በአንዱ ላይ ጎንቾ የሚባል ምሽግ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የገዛ ዘመዶቻቸውን ያስቀመጡት እዚያ ነው። የእስረኞቹ ጥፋት ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ነበር። አንድ ቀን ዙፋን ይመኙ ይሆናል ተብሎ ተፈራና በሰንሰለት ታሰሩ፤ ዓመታትም አለፉ። የእስር ቤቱ ጠባቂ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። የጠባቂው ማዕረግ ከእስረኞቹ የዘር ሐረግ ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ ከ1285 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የይፋትን ሱልጣኔት የገዛው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ስም ነው። ሱልጣኔቱ ከጠፋ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ የስሙ ወራሽ ለሸዋ ንጉሥ ወህኒ ይጠብቅ ነበር።

በ1830ዎቹ ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ወደ ሸዋ የመጣው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለነዚህ እስረኞች ንጉሡን ማለደ። ሣህለ ሥላሴም ፈቷቸው። ሃሪስ ይህን በመጽሐፉ በዝርዝር ጽፎታል። በሩ የተዘጋው በንጉሡ ቃል ነበር፣ የተከፈተውም በንጉሡ ቃል። በመሀል ዳኛ አልገባም፣ ሸንጎ አልመከረም፤ ንጉሡ ባይራሩ ኖሮ የሚጮኹበት ሌላ ደጅ አልነበረም።

ዛሬ በዚያው በይፋት ቆላ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ያልፋል። አውቶቡሱ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ትቶ ቁልቁል ሲጠመዘዝ የደጋው ብርድ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ቆላ ሙቀት ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢውን አጣጥፎ በእጁ ይዞ ይወርዳል። ከተማዋ ከዋና ከተማው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዙሪያዋን የሽንኩርት፣ የማሾና የማሽላ ማሳ ነው፤ የሮቢ ወንዝም ያጠጣታል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ግን ለሽንኩርት ንግድ ያልመጣ አለ። በፌስታል በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ቋጥሮ፣ የሚጠይቀውን ሰው ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የያዘ ነው። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዞ የሚሄደው ወደ ፌዴራሉ ማረሚያ ቤት ነው።

ከጎንቾ እስከዚህ ማረሚያ ቤት ወደ 180 ዓመት ይሆናል። በነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያ አራት ሕገ መንግሥት ጽፋለች፤ አራቱም ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም ይላሉ። ሆኖም ያ ቃል ወደ ወህኒው በር ሲደርስ በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሁሉም እኩል አልመለሱትም። ዳኛው ነው? ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው? ወይስ እንደ ድሮው የገዥው ምሕረት?

የይፋትና የሸዋ ሰው መብትን ከባዕድ የተማረ አይደለም። መንገድ ላይ የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ተያይዘው ቀናት ተጉዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ ባለጋራው እንዳይጠፋ ከሳሽ ራሱ እስረኛ ይሆናል። ዋስ የጠራ ሰው ይለቀቃል፤ የዋሱ ክብር ለቀጠሮው መያዣ ነው። በቆላው ያለው ሙስሊም ደግሞ ለጋብቻና ለውርስ ጉዳይ ቃዲ ነበረው። በሌላ በኩል አፈርሳታም ነበር። ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከላል። ዋስትናም ጅምላ እስርም በአንድ ባህል ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል። ከንጉሥ ጋር የተጣላ ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ ተነግሮታል።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ወጣ። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲሆኑ ምሳሌያቸው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱ «የፈቀዱለት» መብት ተሰጠው፤ ማንም ከሕግ ውጭ እንደማይያዝና እንደማይታሰር ተጻፈ። ሁለት ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ፤ አባላታቸውን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። መብቱ ከዙፋን የመጣ ስጦታ እስከሆነ ድረስ ዳኛው በስጦታው ሰጪ ላይ የሚፈርድበት ምክንያት አልነበረውም።

በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ብዙ ርቀት ሄደ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግም፣ ፍርድም፣ ድርጊትም ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 122 ደነገገ። ለይፋት ሰው ግን ከሁሉም የሚቀርበው አንቀጽ 51 ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ካለ በኋላ አንድ ነገር ያክላል፦ ሰውየው የተያዘበት ቦታ ከፍርድ ቤቱ በእግር ከ48 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ብቻ የሚደረስ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። አርቃቂዎቹ ይህን ሲጽፉ አገራቸውን አይተው ነው። ከአፋር ጠረፍ ሽቅብ ወደ ደጋው ፍርድ ቤት ለሚነዳ እስረኛ መብቱ የሚለካው በእግሩ ነበር። ቃሉ ወርዶ ወርዶ ዛሬ ባለው ሕገ መንግሥትም ደርሷል፤ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓቱ ውስጥ ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ አይቆጥርም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሕጎች ወጡ። በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። የኋለኛው ከአንቀጽ 177 ጀምሮ «አካልን ነፃ ማውጣት» የተባለውን አቤቱታ አስገባ። አሠራሩ ቀላል ነው። የታሰረው ሰው ወይም ስለ እሱ የሚቆረቆር ሌላ ሰው በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ ማን እንደሚመሰክር ይጽፋል። ዳኛው አሳሪውን ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝከውም ተናገር ብሎ ያዛል። ምክንያቱ ሕጋዊ ካልሆነ ይለቀቃል። ወህኒ ጠባቂ በዳኛ ፊት መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሥርዓት በአገሩ ሕግ መጽሐፍ ገባ ማለት ነው። በላዩ ላይ ግን የዙፋን ችሎት ነበር፤ የመጨረሻው ቃል አሁንም የንጉሠ ነገሥቱ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም አቆመ። በ1980 የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የመብቶች ምዕራፍ ነበረው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚመርጠው ግን ብሔራዊ ሸንጎው ነው። በአንድ ፓርቲ አገር የዚያ ምዕራፍ ቃላት ለማንም እስረኛ በር ከፍተዋል ማለት አይቻልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይዘልቃል። አንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በሦስቱም ላይ ይጥላል፦ በሕግ አውጪው፣ በአስፈጻሚው፣ በዳኝነቱ። ሕግ አውጪው የመብት ጥሰት የያዘ አዋጅ ሲያወጣ ግን ዳኛው ምን ያድርግ? በአሜሪካ ዳኛው ሕጉን ይሽረዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ይህን መንገድ አልተቀበለም። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ሊተረጉሙት የሚገባቸው የነሱ ተወካዮች ናቸው ተባለና ሥልጣኑ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ። የሚያማክረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሎ ትርጉሙን ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች ለሚወከል ኮሚሽን ሰጠ።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ የቃል ልዩነት አለ። አንቀጽ 84 ስለሚጣሩ ሕጎች ሲናገር አማርኛው በ«ሕግ አውጪ አካላት» የሚወጡ ሕጎችን ይጠቅሳል፤ እንግሊዝኛው የፌዴራልና የክልል ሕጎች ብሎ ብቻ ያልፋል። በአማርኛው ንባብ ወደ ላይ የሚሄደው የምክር ቤት አዋጅ ነው፤ የሚኒስቴር መመሪያንና የአስፈጻሚን ደንብ ግን ዳኛው ራሱ ከምዕራፍ ሦስት ጋር ሊያመዛዝን ይችላል የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ ቃል የአማርኛው ነው ይላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1993 ባወጣው የአጣሪ ጉባኤ አዋጅ ቁጥር 250 ግን «ሕግ» የሚለው ቃል ደንብንና መመሪያን እንዲጨምር ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ ለዳኛው የተወውን ቦታ ፓርላማው በትርጉም አንቀጽ አጠበበው፤ ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ከዚያ ወዲህ ብዙ ዳኞች በምዕራፍ ሦስት ላይ እጃቸውን ሰብስበው የተቀመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤትና ፓርላማ ፊት ለፊት ተጋጠሙ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተይዘው ነበር። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያዩት ወጣቷ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ዳኛዋ ሕጉን ተመለከቱ፤ አንቀጽ 19 ዋስትናን መብት ያደርገዋል፣ ሊከለከል የሚችለው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ነው። የሙስና ተጠርጣሪን ዋስትና የሚከለክል ድንጋጌ በዚያ ቀን አልነበረም። ስለዚህ ይፈቱ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ወዲያውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፦ በሙስና ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም። ተጠርጣሪው ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው በ1999 ተፈቱ።

ይህ ታሪክ በሕግ ትምህርት ቤት ደጋግሞ የሚነሳው ስለ አንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ «በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ» ሲል ቁልፉን ለዳኛው ሰጠ፤ የቁልፉን ጥርስ የመሞረድ ሥልጣን ግን ለፓርላማው ተወ። ልዩ ሁኔታው ወንጀሉን በጅምላ የሚመለከት ከሆነ ዳኛው የሚመዝነው ነገር አይቀርለትም። ከሦስት ዓመት በኋላ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ተመሳሳይ ክልከላ አመጣ። በዚህኛው ጊዜ የተመቱት ሚኒስትሮች አልነበሩም፤ ሥራ ፈት ተብለው ከየሰፈሩ የሚለቀሙ ወጣቶች ናቸው። በ1997 የወጣው የሙስና ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ወሰነው። ዳኛዋ ራሳቸው ኋላ ወደ ፖለቲካ ገብተው ሁለት ጊዜ ታስረዋል፤ ከ2011 እስከ 2015 ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ።

የመብቱ ምዕራፍ ተከራካሪን የታደገበትም ጊዜ አለ። ለይፋት ሙስሊሞች ቅርብ የሆነው በ1996 የተወሰነው ነው። አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብላ ብትቃወምም ፍርድ ቤቶቹ እስከ ሰበር ድረስ አልሰሟትም። ጉዳዩ በአጣሪ ጉባኤው በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱም አንቀጽ 34ን ጠቅሶ በሃይማኖት ፍርድ ቤት መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነው ብሎ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ ሻረ። በ1936 በነጋሪት ጋዜጣ የታወቀለት የቃዲ ፍርድ ቤት እንዳለ ቀጥሏል፤ በሩ ግን ለገባውም ለመውጣት ለሚፈልገውም ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ይህን የወሰነው የፖለቲካ ምክር ቤት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የመብት ጠበቃ ሁልጊዜ ካባ የለበሰው ብቻ አይሆንም።

ግንቦት 1997 ከምርጫው ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከሉ። ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ራሱ ከመመዘን ይልቅ ወደ አጣሪ ጉባኤው ላከው፤ ጉባኤውም የሕገ መንግሥት ጥሰት የለም አለ። በዚያ ዓመት ሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት ከተቃውሞው በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጭነው ሲወሰዱ ከመዳረሻዎቹ አንዱ ሸዋ ሮቢት ነበር። የቆላው ሙቀትና ወባ ያኔ ለብዙ የከተማ ቤተሰብ የሚታወቅ ነገር ሆነ።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 በአዲስ አበባ የሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ተቃጠለ። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን አስታወቀ። የተረፉት ወደ ሌሎች ማረሚያ ቤቶች ሲዘዋወሩ ሸዋ ሮቢት የገቡ ነበሩ። ቤተሰብ ልጁ ከሞቱት ይሁን ከተዛወሩት ሳያውቅ ቀናት አለፉ። ኋላ ቃጠሎውን አስነስታችኋል ተብለው 38 ሰዎች ተከሰሱ። ከነሱ መካከል በርካቶች ሸዋ ሮቢት ሳለን ተደበደብን፣ ተሠቃየን ብለው ችሎት ፊት ቆመው ተናገሩ፤ ልብሳቸውን ገልጠው ጠባሳ አሳዩ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲያጣራ አዘዘ።

እዚህ ትእዛዝ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ አካል ነው። ፍርድ ቤቱ የፓርላማውን ዓይን ተውሶ በወህኒው ግንብ ውስጥ ተመለከተ ማለት ነው። ኮሚሽኑም ከመረመራቸው ሰዎች በተወሰኑት አካል ላይ የጉዳት ምልክት ማግኘቱን ለችሎቱ በጽሑፍ አቀረበ። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን ያለ አንዳች ልዩ ሁኔታ ይከለክላል፤ በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ አይነካም። ያ ሪፖርት በመዝገብ ውስጥ መኖሩ በጎንቾ ዘመን ሊታሰብ ያልቻለ ነገር ነው፤ የተጎዱትን ሰዎች ግን ከመጎዳት አላዳነም።

ያ መዝገብ ገና ሳይከፈት አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ መስከረም 28 ቀን 2009። አንቀጽ 93 እና አንቀጽ 19 ጎን ለጎን ቢነበቡ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ሳለ የታወጀ አስቸኳይ ጊዜም በ48 ሰዓት ፓርላማ ፊት ይቀርባል፣ ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን። የሰውየው ሰዓት ሲታገድ የአዋጁ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር ሲፈቀድ የዳኛው ሥራ ወደ ፓርላማው ትከሻ ይዞራል፤ ለዚህም ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲሰይም፣ ቦርዱም የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ሚያዝያ 2009 ቦርዱ ለምክር ቤቱ ባቀረበው ዘገባ ከ26,000 በላይ ሰዎች መያዛቸውን ተናገረ። ቁጥሩ በአደባባይ መነገሩ የአንቀጹ ፍሬ ነው። ሰባት ሰው ለ26,000 ሰው ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ግን ማንም ያየዋል።

ምክር ቤቱ ሁልጊዜ እጁን አንድ ላይ አላወጣም። የካቲት 2010 ሁለተኛው አስቸኳይ ጊዜ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ተቃዋሚ አባል በሌለበት ምክር ቤት 88 አባላት ተቃወሙ። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ የድጋፉን ቁጥር 346 ብለው አስታወቁ፤ ያ ከሁለት ሦስተኛ በታች ነበር። ኋላ ቁጥሩ 395 ተብሎ ታረመ። ቁጥሩም ያኔ ብዙ አከራከረ።

ወደ ሌላ አገር ማየት ጥያቄውን ያጠራዋል። በእንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰብዓዊ መብቶች ሕግ ዳኞች የፓርላማ አዋጅ እንዲሽሩ አይፈቅድም፤ ከመብት ጋር አይስማማም ብለው ማወጅ ግን ይችላሉ። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ የውጭ ዜጎችን ያለ ክስ በቤልማርሽ እስር ቤት የሚያቆየው ሕግ መብት ይጥሳል አሉ። ሕጉ በዚያ ቀን አልወደቀም፣ እስረኞቹም በዚያ ቀን አልወጡም። ፓርላማው ግን ውሳኔውን ሰምቶ በሦስት ወር ውስጥ ሕጉን በሌላ ተካው። እዚያም እንደ እኛ የመጨረሻው ቃል የዳኛው አይደለም። ልዩነቱ ዳኛው አመዛዝኖ በአደባባይ መናገሩና ፓርላማው መልስ ለመስጠት መገደዱ ነው። በኛ አገር ዳኛው ጥያቄውን ወደ ላይ አስተላልፎ ዝም ሲል ፓርላማው የሚመልስለት ሰው አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠም አለ። ግንቦት 2012 የምርጫው መራዘም ሲያከራክር አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በቀጥታ አከራከረ። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ ሰብዓዊ መብቶችን ለማስከበር ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት በግልጽ ሰጠ። ይህን ሥልጣን ለዳኛው የመለሰው ራሱ ፓርላማው ነው፤ በ1993 ያጠበበውን በር ትንሽ ከፈት አደረገው።

ቆላው ግን ሕጉ የሚሠራበትን ሰላም አላገኘም። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከተማዋ ኅዳር 22 ተመልሳ በመንግሥት እጅ ገባች። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ስለነበር ነሐሴ 8 ተጠርቶ አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር አራዘመው። በነዚያ ወራት ይፋት ውስጥ ልጁ የተያዘበት ሰው 48 ሰዓት መቁጠር ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው አላገኘም።

የአካል ነፃ ማውጣት አቤቱታ ዛሬም የሚጻፈው በ1958ቱ ሕግ መሠረት ነው። ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይጠይቃል። የአመልካች ስም፣ የተያዘው ሰው ስም፣ የተያዘበት ቀን። ቀጥሎ የያዘው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ። ስንቅ ይዛ ጣርማበርን ያቋረጠች እናት ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አላት፤ በሩ ላይ ቆማ ተመልሳለች፣ ስሙን የጻፈችበት ብጣሽ ወረቀትም አሁንም በእጇ ነው። ቃለ መሐላውን ትፈርማለች፣ ትእዛዙ ወጥቶ 225 ኪሎ ሜትሩን እስኪወርድም ከችሎቱ ደጅ ትጠብቃለች።